ዲኤክስ ላይ ሞተር ልቀይር ወይስ 4ኬውን ላድስ? (የእሁዱ ስብስብም ጉዳይ አለበት)

ዲኤክስ_ፒያሳ

ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ከአጎቴ የመጣች ኬኢ70 ዲኤክስ፣ የድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ፣ አለችኝ። ነጭ፣ ባለ አራት በር፣ 4ኬ ሞተር፣ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ። ቦዲዋ ንጹህ ነው። ባትላሜራ የነካው የኋላ ግራ በሯን ብቻ ነው። ሊብሬው ወደ ስሜ ዞሯል፣ ቦሎም አላት። ችግሩ ጉልበት የላትም። ከለገሃር ተነስቼ ቸርችልን ወደ ማዘጋጃ ቤት ስወጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ታቃስታለች። ሦስተኛ ከነካሁ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ይለቀዋል።

የኒሳን ስካይላይን ጂቲአር እያማረኝ ነው ያደግኩት። ግን ከአር32 እስከ አር34 ያሉት ሁሉ መሪያቸው በቀኝ ነው፣ እዚህ አይሆኑም። በዚያ ላይ ከጥር 2016 ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ቀርቷል። ስለዚህ ያለችኝን ይዤ መሥራት ነው።

አንድ ደላላ ከ101 ኮሮላ የወጣ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ከነካምቢዮው አለኝ ይላል። 1600 ነው፣ ኢንጀክሽን ነው። ልግዛ? ወይስ 4ኬውን አስፈትቼ ላሳድስ? እሁድ ጠዋት መሀል ከተማ የሚሰባሰቡ ልጆች እንዳሉም ሰምቻለሁ። በዲኤክስ መምጣት ይቻላል ወይስ ይሳቅብኛል?

ማርሚታ

በዲኤክስ የሚስቅ ሰው መኪና አያውቅም። ኬኢ70 ማለት እኮ ሙሉ በሙሉ በኋላ እግሩ የሚገፋ የመጨረሻው የኮሮላ ትውልድ ነው። ቀጥሎ የመጣው ወደ ፊት እግር ሲዞር ኤኢ85 እና ኤኢ86 ብቻ ናቸው በኋላ እግር የቀሩት። ኤኢ86ን ዓለም ሁሉ ያመልከዋል። ያንተዋ የእሱ ታላቅ እህት ናት።

ፎቶ ግን የት አለ? ያለ ፎቶ ወሬ ነው።

ቱርቦ_ነኝ

ብሮ ሞተሩን ግዛ፣ አታስብ። 4ኬ የአያት ሞተር ነው። ካልሆነም ቱርቦ ድረብበት፣ አየሩን በግድ ያጉርሳት። አዲስ አበባ ላይ ያለ ቱርቦ መንዳት በአንድ ሳንባ መሮጥ ማለት ነው። እሁድ ደግሞ ና፣ ጎማ እናጨሳለን።

ጋሽ_ካምቢዮ

ልጄ፣ ለደላላው ቀብድ ሰጥተህ እንዳይሆን። ካልሰጠህ እጅህን ሰብስብ።

የ101 ሞተር መኪናው ላይ የሚተኛው በአግድም ነው። ከነካምቢዮው ብትገዛው ካምቢዮው የፊት እግር ነው፣ ላንተ ቁራጭ ብረት ነው። ዲኤክስ ላይ ሞተሩ ቁመቱን ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ የኋላ እግር ካምቢዮ ትፈልጋለህ፤ ቲ50 የሚባለውን፣ ከነሽፋኑ። እሱ እዚህ ከሞተሩ በላይ ብርቅ ነው። ካምቢዮው ተገኘ እንበል። የሞተር መቀመጫው ይቀየራል። የዘይት ቋቱ ከፊት ድልድዩ ጋር ይጋጫል። ዲስትሪቢዩተሩ ከኋላ ግድግዳውን ይነካል። የውሃ መውጫው በተሳሳተ በኩል ይመጣል። ካርዳኑ ይቆረጣል። ከዚያ ኮምፒዩተሩና ሽቦው፣ የኢንጀክሽን ቤንዚን ፓምፕ፣ መመለሻ ቱቦ። ይህን ሁሉ አሳምሮ የሚጨርስ ሰው የለም አልልም፣ አለ። ግን ደላላው "ገጥመህ መንዳት ነው" ካለህ ዋሽቶሃል።

ወረቀቱም አለ። የሞተር ቁጥርህ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሞተር ስትቀይር የግዢ ሰነድ ይዘህ ፋይልህ ላይ ማስመዝገብ አለብህ። የሰነድ ነገር ያልጠራ ሞተር ገዝተህ ቦሎ ልታሳድስ ስትሄድ ነው ጉዱ የሚወጣው።

አሁን ወደ 4ኬህ። 1290 ሲሲ ናት። አዲስ ሆና ከፋብሪካ ስትወጣ ከ60 እስከ 70 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነበራት፣ እሱም በባሕር ጠረፍ። እኛ ያለነው 2350 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ጎድሏል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ እዚህ ሲመጣ ሩብ ገደማ ጉልበቱን በሩ ላይ ጥሎ ነው የሚገባው። ያንተ ግን ከዚያም በላይ የጎደላት ይመስለኛል። ሦስተኛ ይዛ ቸርችልን ካልወጣች ካርቡራቶሯ ጤና የለውም፣ ወይም ቫልቮቿ ደክመዋል።

መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አውጣ። ጥቁር ጥላሸት ከያዙ ቤንዚን በዝቶባታል። ፋብሪካው የገጠመው ጄት፣ ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥነው ቀዳዳ፣ ለጠረፍ አየር የተለካ ነው፤ እዚህ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። ዋናውን ጄት አንድ ሁለት ቁጥር ዝቅ ማድረግ ብቻውን መኪናዋን ሌላ ያደርጋታል። ታይሚንጉንም፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ፣ ጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ይቻላል፤ በስስ አየር ሞተር ቶሎ አያንኳኳም። ከዚያ ኮምፕሬሽን፣ የሲሊንደሮቹን ግፊት፣ አስለካ። መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር አይተህ አትደንግጥ፣ እዚህ ዝቅ ብሎ ነው የሚነበበው። የምትፈልገው አራቱም ሲሊንደሮች መቀራረባቸውን ነው። አንዱ ብቻ ከወረደ ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ተፈትቶ ይወርዳል።

ሌላውን በኋላ እጽፋለሁ፣ ደንበኛ መጣ።

ቱርቦ_ነኝ

ጋሼ በአክብሮት፣ ጄት ቀይረው ስንት ፈረስ ያመጣሉ? ሦስት?

ጋሽ_ካምቢዮ

ሦስት ካመጣሁ ሦስት ነው። የገዛኸውን ጉልበት መጀመሪያ አስመልስ፣ ከዚያ ሌላ ግዛ።

ቦክሰር_4

ቱርቦ_ነኝ፣ ግማሹ እውነት አለህ፣ ለዚህ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ቱርቦና ከፍታ ድሮም አብረው ነው ያደጉት። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ወስዶ፣ ፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ላይ፣ 4300 ሜትር ላይ ሞክሮታል። ዓላማው ሞተሩ ከፍታ ላይ ጉልበቱን እንዳያጣ ነበር። እኔም ኢምፕሬዛ ደብሊውአርኤክስ ነው የምነዳው፣ ከአንድ ዲፕሎማት የገዛሁት፣ መሪው በግራ። እንጦጦ ስወጣ ከጎኔ ያለው ትልቅ ሞተር ሲያለከልክ የኔ 2000 ሲሲ ይስባል። ይኼ ደስ ይላል፣ አልክድም።

ግን ቱርቦ ምትሃት አይደለም። እዚህ ያለው አየር 0.76 ባር ገደማ ነው። 0.7 ብትጨምርበት 1.46 ይሆናል። ጠረፍ ላይ ያው ቱርቦ 1.7 ያገኝ ነበር። የጎደለውን ለመሙላት ተርባይኑ ከተለካለት በላይ መሽከርከር አለበት፤ ይሞቃል፣ ዕድሜው ያጥራል። አንተ ደግሞ ይህን የምትለው ስለ 4ኬ ነው፤ በካርቡራቶር የሚሠራ፣ ፒስተኑ ለቱርቦ ያልተሠራ፣ የዘይት መስመር ያልተዘረጋለት ሞተር። ይቻላል? አውስትራሊያና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥ ያደረጉት አሉ። እነሱ ግን ፒስተን ሲበሱ በማግስቱ ሌላ ይገዛሉ።

የኔን ወጪ ልንገርህ። ቺንጋው፣ የውሃ ፓምፑ፣ የፊት ዲስኮቹ፣ ሁሉም ከዱባይ በሰው ሻንጣ ነው የመጡት። አንዲት ሴንሰር ጠፍታ መኪናው ግቢ ውስጥ ተገትሮ ክረምቱ አልፎበታል። ዲኤክስ ይህ ችግር የለባትም። ተክለሃይማኖትና ሶማሌ ተራ ሄደህ እጅህን ዘርግተህ የምታገኘው ዕቃ ነው።

ማርሚታ

ጂቲአር ከነ280 ፈረሱ አዲስ አበባ ቢገባ ኖሮ አምስተኛ ማርሽ የሚያስገባበት መንገድ አጥቶ ያለቅስ ነበር። አዳማ ፈጣን መንገድ እንኳ 120 ነው ገደቡ። በነገራችን ላይ 280 የተባለው የጃፓን አምራቾች "ከዚህ በላይ አንጽፍም" ተባብለው ተስማምተው ነው፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2004 ድረስ። ሞተሩ ከዚያ በላይ እንዳለው ሁሉም ያውቃል።

ዲኤክስ_ፒያሳ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ካንዴላዎቹን አወጣሁ። ሦስቱ ጥቁር ናቸው፣ አንዷ እርጥብ ናት፣ ዘይት ትመስላለች። ለደላላው ገና አልከፈልኩም።

ጥያቄ ልጨምር። በ5ኬ ብቀይራትስ? የድሮ ላይትኤስ ሚኒባስ ላይ ያለው ማለቴ ነው። ሌላው ደግሞ ሞላዋን አስቆርጬ ዝቅ ላደርጋት አስቤያለሁ፣ ትልቅ ቸርኬም አይቻለሁ።

ጋሽ_ካምቢዮ

አሁን ተናገርክ። 5ኬ 1486 ሲሲ ናት፣ የአንድ እናት ልጅ ናት። መቀመጫው ይገጥማል፣ ያንተው ካምቢዮ ይይዛታል፣ ፍሪሲዮኑንም አጣጥመህ ታስገባለህ። የሚኒባሱን ካምቢዮ ግን አትውሰድ፤ ማርሽ መቀየሪያው ላንተ ወንበር በሚሆን ቦታ አይወጣም። ባለ አምስት ማርሹን ኬ50 ከሌላ ኮሮላ ካገኘህ ግን አትልቀቀው። ወደ ቢሾፍቱ ስትሄድ አራተኛ ላይ የሚጮኸው ጩኸት ይቀርልሃል። 7ኬ የሚባልም አለ፣ 1781 ሲሲ። እሱ ወፍራም ነው፣ የሚነሳው ከታች ነው፣ ለዳገት ጥሩ ነው። መሮጥ ግን አይወድም።

እርጥቧ ካንዴላ ዘይት ከሆነች ቀለበት ነው ወይም የቫልቭ ጎማ። ጠዋት ስታስነሳት ሰማያዊ ጭስ አውጥታ ከቆመች የቫልቭ ጎማ ነው፣ ርካሽ ነው። ሙሉ ቀን ካጨሰች ቀለበት ነው። የዚያን ጊዜ 5ኬ ፍለጋ ብትወጣ አልቆጣህም።

አሁን ያቋረጥኩት ላይ ልመለስ። ማንም ሳይነግርህ የሚያልፈው ነገር አለ። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ይፈላል። የሞተርህ ውሃ ደግሞ ዳገት ላይ ከዚያ ያልፋል። ሳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ካለህ መፍያው ወደ 115 ገደማ ይወጣል። ጎማው የደረቀ ክዳን ካለህ ግን ራዲያተሩ እንኳ ንጹህ ሆኖ ይፈላብሃል። ሰው ቴስታታ ያስወርዳል፣ ጋርኒሲዮን ይቀይራል፣ ጥፋቱ የክዳኗ ሆኖ። ለሞተር ዘይትና ውሃ ስትከፍል እንዳትንገበገብ።

ፍሬን። ፊት ዲስክ፣ ኋላ ታምቡር ነው ያለህ። ጉልበት ከመጨመርህ በፊት የፍሬን ዘይቱን አስወጥተህ በአዲስ ሙላ። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ይታገሳል፤ እርጥበት ሲገባው ወደ 155 ይወርዳል። ከእንጦጦ ፍሬን ረግጠህ ብቻ ስትወርድ እዚያ ትደርሳለህ። ፔዳሉ ስፖንጅ ሆኖ ወለል ይነካል። ማርሽ ይዘህ ውረድ፣ ሁለተኛ ላይ።

ሞላ መቁረጥ ሀሳብህን ተወው። ኮብልስቶኑ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታው፣ የተነሳው ማንሆል፣ ይህ ሁሉ ያለበት ከተማ ነው። የተቆረጠ ሞላ መኪናዋ ስትዘል ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። አሞርዛተሩም ቁመቱ ስለማይገጥም ቶሎ ያልቃል። ዝቅ ማድረግ ካማረህ ለዚያው የተሠራ አጭር ሞላ ፈልግ፣ ካላገኘህ ጎማዎቹንና ኩሽኔቶቹን አድስ። አሮጌ መኪና ላይ "ስፖርት" የሚባለው ስሜት ግማሹ አዲስ የመሪ ቡሽ ነው።

ሊሊ_ለገሃር

ዲኤክስ_ፒያሳ፣ እንኳን ደህና መጣህ። እሁድ መምጣት ትችላለህ። ከመጡት ሁሉ ፎቶ የሚነሳው ንጹህ ዲኤክስ ነው፣ እመነኝ። እኔ ስዊፍት ስፖርት ነው ያለኝ፤ አንድ ዲኤክስ ሲቆም የኔን ማንም አያያትም።

ግን ስለ "ጎማ እናጨሳለን" ልመልስ። አታጨሱም።

ይህን ነገር ለመያዝ ስንት እንደደከምን የማያውቅ ብዙ አለ። መጀመሪያ የምንቆምበት ቦታ ጥሩ ነበር። ሰፊ፣ ቡና ቅርብ፣ ጥበቃዎቹም ለምደውን ነበር። አንድ ቀን ሁለት ልጆች ማርሚታቸውን፣ የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ አውጥተው መጡ። ሞተር ያስጮሃሉ፣ ይተኩሳሉ። በማግስቱ "ከዚህ በኋላ እንዳትመጡ" ተባልን። ጥፋቱን ያደረጉት ሁለት ናቸው፣ የተባረርነው ሁላችንም ነን። ከዚያ ወዲህ ቦታው በውስጥ መስመር ብቻ ነው የሚነገረው።

እና ደንብ አለን። ሰብሰብ ብለህ ትመጣለህ፣ ትቆማለህ፣ ሞተር ታጠፋለህ። ኮፋኖ መክፈት ይበረታታል። የሰው መኪና ሳይፈቀድልህ አትነካም፣ አትደገፍም። ታርጋ የሚታይበት ፎቶ ባለቤቱን ሳትጠይቅ አትለጥፍም። ስንወጣ አንድ በአንድ፣ ዝም ብለን። መንገድ ለሰው ያለበት እሁድ አንሰባሰብም፤ መንገዱ የሕፃናትና የብስክሌት ነው።

ቱርቦ_ነኝ

እሺ እናቴ። ግን ዝም ብሎ ቆሞ ማየት ከሆነ ኤግዚቢሽን በሉት።

ሊሊ_ለገሃር

ኤግዚቢሽን በለው፣ ግድ የለኝም። ዮኮሃማ ውስጥ ዳይኮኩ የሚባል የፈጣን መንገድ ማረፊያ አለ። የጃፓን መኪና ወዳጅ ሁሉ ሄዶ ማየት የሚመኘው ቦታ ነው። እዚያም ሰው የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ቆሞ ማየት፣ ማውራት፣ ከማሽን ቡና መግዛት። ሲጨናነቅና ጩኸት ሲበዛ ፖሊስ መጥቶ ይዘጋዋል። እዚያ የተዘጋ እዚህ ይከፈትልናል?

ተሳፋሪ

መኪና የለኝም። በፍለጋ ነው እዚህ የደረስኩት፣ ግን ልናገር።

ቤቴ አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ቅዳሜ ሌሊት የሚያልፈው ጩኸት ልጄን ከእንቅልፏ ያስነሳታል። የእናንተ ይሁን የሌላ አላውቅም። ግን "መኪና እንወዳለን" የሚል ሰው ሁሉ እኔን የሚያስታውሰኝ ያንን ነው። መኪና መውደድ ያለ ጩኸት አይሆንም እንዴ?

ማርሚታ

ስሜን አይተህ እኔ ነኝ ብለህ እንዳትጠረጥረኝ። የኔ ዝምተኛ ናት፣ ሊሊ ትመስክር።

ከልብ ግን፣ ትክክል ነህ። የሌሊቱ ነገር እሁድ ጠዋት ከሚቆሙት ጋር አይገናኝም ማለት ቀላል ነው፤ አንዳንዱ ግን ያው ሰው ነው። ሰርግ ላይ ደግሞ ተመልከት። አደባባይ ላይ እየዞሩ ጎማ የሚያጮሁት የመኪና ክለብ አይደሉም፣ የሙሽራው ጓደኞች ናቸው። በተከራዩት መኪና! ባለቤቱ ቢያይ ልቡ ቀጥ ይላል።

ቦክሰር_4

ለተሳፋሪ፦ ማርሚታ ማውጣት እኮ ብዙ ጊዜ ጉልበት አይጨምርም። 4ኬን በመሰለ ትንሽ ሞተር ላይ ባዶ ቧንቧ የሚጨምረው ድምፅ ብቻ ነው። ማኒፎልዱ በደንብ ተሠርቶ፣ ቧንቧው ልኩን ይዞ፣ መጨረሻው ላይ ጥሩ ማርሚታ ሲኖር ነው ለውጥ የሚመጣው፤ ያ ደግሞ ብዙም አይጮህም። ጃፓን ውስጥ እንኳ በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው ፍተሻቸው የድምፅ ልክ ስላለው ትልልቆቹ የማርሚታ ሠሪዎች በልኩ ነው የሚሠሩት። የሚጮህ መኪና ያየህ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ ያለቀበት መኪና ነው።

ተሳፋሪ

ይህን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። እሁድ ከልጄ ጋር ልመጣ እችላለሁ ማለት ነው? መኪና ትወዳለች።

ሊሊ_ለገሃር

በደስታ። በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ። ኮፋኖ የሚከፍቱትን ጠይቃቸው፣ ያስረዷታል።

ብየልኝ_ባትሪ

ይቅርታ ጨዋታችሁን ላቋርጥ። በዚህ ዘመን ስለ ካርቡራቶር ጄት መጨቃጨቅ ግን አይደንቅም? በኤሌክትሪክ መኪና ቸርችልን ስወጣ ያለ አንዳች ማቃሰት ነው። ከፍታ አያውቅም፣ አየር አይፈልግም። መቀመጫዬ ይጨመድደኛል።

ጋሽ_ካምቢዮ

እውነትህን ነው፣ ሞተሩ አየር ስለማይፈልግ 2350 ሜትርም ይሁን ጅቡቲ ለእሱ አንድ ነው። ለሥራ ቢሆን እኔም እሱን ነው የምገዛው። ግን ቅዳሜ ከሰዓት እጄ ላይ ቅባት ካልኖረ ሚስቴ "አመመህ እንዴ" ትለኛለች።

ማርሚታ

መግባታቸው ለኛም ጥሩ ነው። ሁሉም ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞር አሮጌዎቹ ይረክሱልናል ብዬ ነበር። ተቃራኒው ሆነ። የቤንዚን መኪና አይገባም ሲባል ያሉትም ወደ ላይ ወጡ። ቀድሞም በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሎበት ነበር። ዲኤክስ የያዘ ሰው ዛሬ መሬት የያዘ ነው።

ዲኤክስ_ፒያሳ

ቤተሰብ፣ ወሰንኩ። ሞተሩን አልገዛም። መጀመሪያ የቫልቭ ጎማ፣ ጄት፣ የራዲያተር ክዳን፣ የፍሬን ዘይት። ከዚያ እየተነፈስኩ 5ኬ እፈልጋለሁ። ጠዋት ሰማያዊ ጭስ አውጥታ ትቆማለች፣ ጋሼ እንዳሉት።

አንድ የቀረኝ። ጄቱን ለአዲስ አበባ አሳንሼ አዳማ ብወርድስ?

ጋሽ_ካምቢዮ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው አይጠይቀውም። አዳማ 1700 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንስብሃል። በጣም ካላሳነስከው አዳማ ድረስ ችግር የለም፣ እንዲያውም እዚያ ስትደርስ መኪናዋ ትበረታለች። ከአዳማ አልፈህ ወደ አዋሽ የምትወርድ ከሆነ ግን በስስ ቤንዚን ረጅም መንገድ መርገጥ ቫልቭ ያቃጥላል። ለዚያ መንገድ ትልቁን ጄት ኪስህ ውስጥ ያዝ፣ መቀየሩ ቀላል ነው። ታይሚንጉንም አብረህ መልሰው፣ ታች ላይ ያንኳኳል።

ካንዴላዎቹን ሳትጠርግ አምጣልኝ። ቀለማቸውን በዓይኔ ላየው እፈልጋለሁ።

ቦክሰር_4

ጎማህንም እይ እንጂ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት ናቸው፣ ሁለቱ ዓመት። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ዲኤክስ_ፒያሳ

ወርጄ አየሁ። ሁለቱ 4109 ይላሉ። ሁለቱ ላይ ቁጥሩ ጠፍቷል።

ሊሊ_ለገሃር

እነሱ ጎማዎች አንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሁለተኛ ደረጃ ገብተው ወጥተዋል። በነሱ እንዳትመጣ። ቸርኬህ 13 ነው አይደል? 175/70 13 በላቸው፣ የላዳ ልክ ነው። ላዳ ታክሲ እስካለ ድረስ ጎማ ተራ አይጠፋም።

ቱርቦ_ነኝ

የድሮዎቹን ሁለቱን እኔ እወስዳለሁ።

ሊሊ_ለገሃር

ለምን?

ቱርቦ_ነኝ

ለጌጥ ነው አልኩ! ግቢ ውስጥ አበባ እተክልባቸዋለሁ።

ማርሚታ

ፎቶ ካልላክህ አላምንም።